«ግባ፣ አይነክስም» ለምትሉ ሁሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ በአንባቢያን ገጽ ላይ ጎን ለጎን ያወጣችኋቸውን ሁለት ደብዳቤዎች አነበብኩ። አንደኛው ጸሐፊ «ሰው የነከሰ ውሻ ማደር የለበትም፣ በዕለቱ ይገደል» ይላሉ። ሁለተኛዋ ጸሐፊ ደግሞ «ጥፋቱ የባለቤቱ እንጂ የውሻው ስላልሆነ አንድም ውሻ መገደል የለበትም» ብለው ይሟገታሉ። ሁለቱም ከልባቸው እንደጻፉ ያስታውቃል። ሰው ቤት እየገቡ የሚሠሩ ግን አልመሰሉኝም።

እኔ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። እንጀራዬ የማላውቀውን በር ማንኳኳትና ከበሩ ጀርባ ያለውን ነገር መጋፈጥ ነው። ፖስታ የሚያድል፣ ቆሻሻ የሚሰበስብ፣ ቤት ለቤት የሚከትብ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ስለ ውሻ ሲወራ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ውሻ ያለው ሰው ወይም ልጁ የተነከሰበት ሰው ነው፤ በየቀኑ በውሻ ፊት የሚያልፈው ሠራተኛ ሲናገር አልሰማሁምና ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ከነከሱት ውሾች አብዛኞቹ መገደል አያስፈልጋቸውም፤ ጥቂቶቹ ያስፈልጋቸዋል። የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት ውሻውን ብቻ ማየት አይበቃም፣ ገመዱን የያዘውን ሰው ማየት ያስፈልጋል። «እቆጣጠረዋለሁ» ማለት ለማንም አይከብድም። የምጠይቀው ቃሉን ትተን ሥራውን እንድናይ፣ ሥራው ከሌለም ያን ጊዜ ውሻውንም ባለቤቱንም የሚመለከት ውሳኔ እንድንወስን ነው።

ስለዚያ ቃል ትንሽ ላውራ። በሩን አንኳኩቼ ውሻ ሲጮህ ባለቤቱ በረንዳ ላይ ብቅ ይልና «ግባ፣ ግባ፣ አይነክስም!» ይለኛል። ውሻው በእሱና በእኔ መካከል ነው። ለእሱ እርግጥ አይነክሰውም፤ የሚያበላው እሱ ነው። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ በቀይ ቀለም የጻፈው ራሱ ሆኖ «አይነክስም» የሚለኝም አለ፤ ከሁለቱ የትኛውን ልመን? ከዓመታት ልምድ የማምነው የውሻውን ገላ ነው። እየዘለለ፣ ወገቡ እየተላወሰ የሚጮኸው ውሻ ጠንቀቅ እንድል ያደርገኛል እንጂ እንቅልፍ አይነሳኝም። ልቤ የሚደነግጠው በድንገት ጸጥ ላለው ነው፦ አፉን ገጥሞ፣ ገላው ደርቆ፣ ክብደቱን ወደ ፊት እግሮቹ አድርጎ፣ ጭንቅላቱን ሳያዞር በዓይኑ ጥግ የሚከተለኝ። የዓይኑ ነጭ ከጎን ሲታየኝ እጄን በሩ ላይ እንዳለ እተወዋለሁ፣ ጀርባዬን ሳልሰጥ ቀስ ብዬ እወጣለሁ። ሩጫ የለም። ባለቤቱ ይስቃል፤ ይሳቅ።

ታስሮ የሚውለው ውሻ ደግሞ የራሱ ካርታ አለው። ሰንሰለቱ የሚደርስበት ድረስ ሣሩ አልቆ መሬቱ ተልጦ ክብ ሠርቷል። ግቢ ስገባ ዓይኔ ከውሻው በፊት የሚፈልገው ያንን ክብ ነው፤ ከጠርዙ ውጭ ከቆምኩ ደህና ነኝ። አንድ ቤት አለ፣ የክቡ ጠርዝ ልክ ቆጣሪው ሥር ያልፋል። ባለቤቱን «ለምን እዚህ አሰርከው?» ብዬ ስጠይቀው «ቆጣሪውን ማንም እንዳይነካካው ነው» አለኝ። የሚነካካው እኔ መሆኔን አላሰበም፣ ወይም አስቦበታል። አሁን ቁጥሩን በስልኬ ካሜራ ከሩቅ አቅርቤ ነው የማነበው። በዚያ ቤት ውሻ አልፈርድም። ቀንና ሌሊት ከምሰሶ ጋር ታስሮ፣ መሸሽ እንደማይችል የሚያውቅ እንስሳ የቀረው ምርጫ መናከስ ነው።

ልጄ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት። እኔ ከተነከስኩ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ይኸው ሆኖ ቀርቷል፤ እዚህ የምጠቅሳቸውን ጥናቶች ያስነበበችኝም እሷ ናት። ከሁሉም የማረከኝ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 በውሻ ተነክሰው የሞቱ 256 ሰዎችን ጉዳይ አንድ በአንድ የመረመረው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት ነው። ከጉዳዮቹ 87 ከመቶ በሚሆኑት ደርሶ የሚያስጥል ሰው በአጠገቡ አልነበረም። 84 ከመቶ የሚሆኑት ያልተኮላሹ ወይም ያልመከኑ ውሾች የፈጸሟቸው ናቸው። 76 ከመቶ በሚሆኑት ደግሞ ውሾቹ ከሰው ጋር እንደ ቤተሰብ የሚኖሩ ሳይሆኑ በጓሮ፣ በሰንሰለት ወይም በአጥር ተነጥለው የሚውሉ ነበሩ። ከአምስት ጉዳዮች በአራቱ እንዲህ ያሉ ምክንያቶች አራትና ከዚያ በላይ ሆነው ተደራርበው ተገኝተዋል። ሞትና ተራ ንክሻ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ቢሆንም ዝርዝሩን እያነበብኩ ስሄድ ከምሰሶው ሥር ያለውን ክብ ነበር የማየው።

እኔን የነከሰችኝ ግን የታሰረች ውሻ አልነበረችም። ለዓመታት የማውቃት፣ ስገባ ጅራቷን የምትቆላ፣ «ኩቲ» ብዬ የማልፋት ውሻ ነች። በዚያ ሰሞን ከደረጃው ሥር ወልዳለች። ቆጣሪው ያለው ደግሞ ከደረጃው ጎን ነው። ባለቤቱ በሩን ከፈተልኝ፣ ሰላም ተባባልን፣ ወደ ስልኩ ተመለሰ። መውለዷን አንድ ቃል አልነገረኝም። ጎንበስ ስል ማጉረምረሟን ሰማሁ፣ ቀና ሳልል ባቴን ያዘችው። ያዘችና ለቀቀች፤ ተመልሳም ቡችሎቿ ፊት ቆመች። ሱሪዬን ስገልብ ሁለት ቀዳዳ፣ አንዱ ከሌላው ጠለቅ ያለ፣ ደሙ ቀስ ብሎ የሚወርድ።

ያን ጊዜ የሆነው ነገር ለመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ ይሆናል። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ መጣ፣ ሁለት ወጣቶች ድንጋይ አነሡ። «ዛሬውኑ ትገደል!» ተባለ። እኔ እግሬን የውኃ ቧንቧ ሥር አድርጌ በሳሙና እያጠብኩ «እንዳትነኳት!» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ የዋህ መሰልኩት። የዋህነት አልነበረም፣ የራሴን ነፍስ እያሰብኩ ነው። ጤና ጣቢያ ስደርስም ነርሷ ስለ ቁስሉ ከመጠየቋ በፊት «ውሻዋ የት ናት? በሕይወት አለች?» ነው ያለችኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ውሻው መታመሙ ከመታወቁ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ጀምሮ ነው። ስለዚህ የነከሰ ውሻ ለ10 ቀን ተዘግቶበት ይጠበቃል። በ10ኛው ቀን በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም የተጀመረውን ክትባት ሊያቋርጠው ይችላል። በዕለቱ በድንጋይ ተቀጥቅጦ የተጣለ ውሻ ግን ምንም አይናገርም። ከሞተ በኋላ ያለው ምርመራ የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ነው፤ ጭንቅላቱ ከተፈጨ እሱም የለም። ተነካሹ በጥርጣሬ ይቀራል።

ይህ ማለት ተነካሹ 10 ቀን እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም፣ በዚህ ማንም እንዳይሳሳት። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲባል ቀላል ይመስላል፣ እየቆጠቆጠ ግን ረጅም ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም። ክትባቱ ይጀመራል፣ እንደ ቁስሉ ዓይነትም ሌላ የሚጨመር መርፌ አለ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት፣ በሰው ላይ ከሚደርሰውም 99 ከመቶው ከውሻ እንደሚመጣ፣ ከሟቾቹ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንደሆኑ ይናገራል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን ለዚህ በሽታ የከተበው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ክትባቱ ይህን ያህል ዘመን ኖሮ ሰው አሁንም በዚህ መሞቱ ያበሳጨኛል።

«እንግዲያው ውሻውን ሁሉ ማጥፋት ነዋ!» የሚል አይጠፋም፤ የመጀመሪያው ጸሐፊም መጨረሻቸው ላይ ወደዚያ ያዘነበሉ መስሎኛል። ሞክረውት ያልሆነላቸው ብዙዎች ናቸው። ከአንድ ሰፈር ውሻ ሁሉ ቢጠፋ ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ከሌላ ቦታ ያልተከተበ ውሻ ይመጣበታል። ከሞቱት መካከልም የተከተቡት ይኖራሉ፣ ማለትም በሽታውን ያገዱ የነበሩት። በሽታው የሚቆመው ከውሾቹ 70 ከመቶ ያህሉ ሲከተቡ እንደሆነ የታወቀ ነው። ያቺ የነከሰችኝ ውሻ የክትባት ካርድ ነበራት። ባለቤቷን ካመሰገንኩበት ነገር ይህ አንዱና ብቸኛው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ንክሻ ሁሉ አንድ አይደለም። ኢያን ደንባር የተባሉ የእንስሳት ሐኪምና የውሻ ጠባይ አዋቂ ያወጡት ባለ ስድስት ደረጃ መለኪያ አለ። አንደኛው ጥርስ ገላ ሳይነካ ማስፈራራት፣ ሁለተኛው ጥርስ ነክቶ ቆዳ ያልበሳ ነው። ሦስተኛው በአንድ ንክሻ ከአንድ እስከ አራት ቀዳዳ የሠራ፣ ጥልቀቱ ግን ከክራንቻው ርዝመት ግማሽ ያላለፈ ነው። አራተኛው ከግማሽ በላይ የጠለቀ፣ ይዞ የጨመቀበት ወይም የነቀነቀበት ምልክት ያለው፤ አምስተኛው እንዲህ ያለው ንክሻ ሲደጋገም፤ ስድስተኛው ሞት። ልጄ ባቴን በማስመሪያ ለክታ «ሦስት» አለችኝ፣ ፈተና እንዳረመች ሁሉ።

ይህ መለኪያ የሚያሳየው ውሻው ሲነክስ ራሱን ምን ያህል እንደገታ ነው። ውሻ ጥርሱን ምን ያህል እንደሚያስገባ ያውቃል። የያዘችኝ ውሻ ብትፈልግ ሥጋዬን ትገነጥለው ነበር፤ አልገነጠለችም፣ «ሂድልኝ» አለችኝና ለቀቀችኝ። እንዲህ ያለችውን መግደል አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው። ይዞ የሚነቀንቅ፣ ተነቅሎ ተመልሶ የሚገባ፣ ወድቆ በተኛ ሰው ላይ የማያቆም ውሻ ግን ሌላ ነገር ነው። ደንባር ራሳቸው አምስተኛና ስድስተኛ ደረጃ የደረሰ ውሻ እንዲገደል ይመክራሉ፤ ምክንያታቸውም እንዲህ ያለ ውሻ ዕድሜ ልኩን ብቻውን ተዘግቶ እንዲኖር ማድረግ ኑሮ አይሆንለትም የሚል ነው። ሁለተኛዋ ጸሐፊ ይህን ያስቡበት። «አንድም ውሻ አይገደል» ሲባል ለአንዳንዱ ውሻ የሚተርፈው ጓዳ ውስጥ መበስበስ ነው።

ስለ ዝርያ አጠር ላድርግ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ ፒት ቡል ቴሪየርን፣ የጃፓን ቶሳን፣ ዶጎ አርጀንቲኖንና ፊላ ብራዚሌሮን ከለከለች፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይታ ኤክስኤል ቡሊ የሚባለውን ጨመረችበት፣ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ማሳደር ወንጀል ነው። ኔዘርላንድስ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣችውን የፒት ቡል እገዳ ንክሻውን አልቀነሰውም ብላ እ.ኤ.አ. በ2008 ለማንሳት ወሰነች። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣና ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን የሸፈነ ጥናት፣ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 ከመቶ ያህሉን ብቻ እንደሆነ ደርሶበታል። እኔ ከትንንሾቹ ጋርም ብዙ ተጣልቻለሁ። ቢሆንም መጠን አይናቅም፤ ትልቅ መንጋጋ ያለው ውሻ አንዴ ሲሳሳት የሚያደርሰው ጉዳት ትልቅ ነው፣ ስለዚህ ባለቤቱም በዚያው ልክ መጠንቀቅ አለበት።

«መቆጣጠር» ሲባል ታዲያ ምን ማለት ነው? ነካሽ ውሻ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እንስሳት ሐኪም ነው። ጆሮው የቆሰለ፣ ጥርሱ የበሰበሰ፣ ዳሌው የሚያመው ውሻ ሲነካ ይናከሳል። ደህና የነበረ ውሻ በድንገት ከተለወጠ፣ ከጠባዩ በፊት ሕመሙ ይፈተሽ። ቀጥሎ በር ነው። በአንድ በር ብቻ የሚጠበቅ ውሻ ያመልጣል፤ ልጅ ሲገባ፣ እንግዳ ሲወጣ፣ ነፋስ ሲገፋው። ሁለት በር፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት፣ ይህ ነው ጥበቃ የሚባለው። ውጭ ሲወጣ አጭር ገመድና ቅርጫት የመሰለው የአፍ መሸፈኛ። ይህን መሸፈኛ ጭካኔ ነው የሚሉ አሉ። አፉን በጨርቅ ጥፍር አድርጎ ማሰር ነው ጭካኔ፣ የሚያለከልክበት ቦታ የለውምና። ቅርጫቱ ግን ሰፋ ያለ ከሆነ ውሻው ያለከልካል፣ ውኃ ይጠጣል፣ በቀዳዳው ሥጋ እየሰጡት ከለመደውም ራሱ አፉን ሊያስገባ ይመጣል። እኔ አንድ ቤት ይህን አይቼ ማመን አቃተኝ፦ ሴትየዋ የእኔን ድምፅ ስትሰማ ቅርጫቱን ይዛ ትቀመጣለች፣ ያ ግዙፍ ውሻ መጥቶ አፉን ይከታል፣ ከዚያ በሩ ይከፈትልኛል። የነካሽ ውሻ ባለቤት ሲባል እኔ የማውቀው ሞዴል እሷ ናት።

ማጉረምረም የሚያስመታ ጥፋት አይደለም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም የእኔ ዓይነት ሰው በሕይወት የሚኖረው በዚያ ድምፅ ነው። ባጉረመረመ ቁጥር የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን ውስጡ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። «ጨዋ አድርጌዋለሁ፣ ድሮ ያጉረመርም ነበር» የሚል ሰው ቤት ስገባ በጣም ነው የምጠነቀቀው። እ.ኤ.አ. በ2009 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጠባይ ችግር ያለባቸውን ውሾች ባለቤቶች ጠይቀው ነበር፤ ውሻቸውን ከመቱት ወይም በእርግጫ ካሉት መካከል 43 ከመቶው ውሻው መልሶ እንደተቆጣባቸው ተናግረዋል። ዱላ ውሻውን ያለዝበዋል ያለ ማን ነው?

ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ አንድ ሕግ ብቻ አለ፣ እሱም ሕፃንና ውሻ ብቻቸውን አይተዉም። «አብረው ነው ያደጉት» መልስ አይሆንም። ሕፃን ምግብ ላይ ያለን ውሻ ያቅፋል፣ የተኛውን ይጋልባል፣ ፊቱንም ወደ አፉ ያስጠጋል። ቁመቱ አጭር ስለሆነ እኔ ባቴን በተነከስኩበት እሱ ፊቱን ነው የሚነከሰው።

ይህን ሁሉ ማድረግ የማይችል ሰው አለ። ሙሉ ቀን ሥራ የሚውል፣ አጥር የሌለው፣ አዛውንት እናቱን የሚያስታምም። አልወቅሰውም። ግን ያን ጊዜ ነገሩን በእውነት መነጋገር ያስፈልጋል። ውሻው ጠለቅ አድርጎ ነክሶ ከሆነ፣ ሐኪም አይቶት ሕመም ካልተገኘበት፣ ቤቱም ሊጠብቀው ካልቻለ፣ መጨረሻው መግደል ነው፣ ስሙን አንሸፍነው። ሰዎች ከዚህ ለመሸሽ ሦስተኛ መንገድ ያበጃሉ፤ «ገጠር ላክነው»፣ «ለአንድ ጥበቃ ድርጅት ሰጠነው» ይላሉ። መንከሱን ለተቀባዩ ሳይናገሩ። ከሁሉም የማስጠላው ይኼኛው ነው። ውሻው አዲስ ቤት ገብቶ ይፈራል፣ የፈራ ውሻ ይነክሳል፣ የሚነከሰውም ምንም ያልተነገረው ሰው ይሆናል። ነግሮ፣ በጽሑፍ አስፍሮ፣ ለሚችል ሰው መስጠት ሌላ ነው።

አገዳደሉም ሥርዓት አለው። የእንስሳት ሐኪም ፔንቶባርቢታል የሚባለውን የማደንዘዣ መድኃኒት ከመጠን በላይ በደም ሥር ሲሰጠው ውሻው በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፣ ከዚያ ትንፋሹና ልቡ ይቆማል። ባለቤቱ አጠገቡ መቀመጥ ይችላል፣ መቀመጥም ያለበት ይመስለኛል። ሥጋ ውስጥ ስትሪክኒን ደብቆ መስጠት ግን መግደል ብቻ አይደለም፣ ማሰቃየት ነው፤ እንስሳው አእምሮውን ሳይስት እየተንቀጠቀጠና ጡንቻው እየተኮማተረ መተንፈስ ያቅተዋል። መርዙም የታሰበለትን ውሻ ለይቶ አይጠብቅም። ድመት ይበላዋል፣ የጎረቤት ቡችላ ይበላዋል፣ ሬሳውን የበላ አሞራም ይሞታል።

የሚቀረኝ አንድ ነገር ነው። ከንክሻ በኋላ የሚደረገው ክርክር ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እያንዳንዱ ንክሻ ከነደረጃው በመዝገብ ይያዝ፤ የመጀመሪያው ቀላል ንክሻም ቢሆን። መዝገብ ካለ «ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም» የሚለው ወሬ ይቆማል፣ እኔ የሰማሁት ሁሉም ባለቤት ይህን ነው የሚለው። በመጀመሪያው ንክሻ ባለቤቱ የተነካሹን የሕክምና ወጪ ይክፈል፣ ከላይ ያልኳቸውን ጥንቃቄዎችም እንዲያሟላ ቀን ይቆረጥለት። ቀኑ ሲደርስ የሚያይ ሰው ይሂድና ይይ፤ በሩን፣ ገመዱን፣ የአፍ መሸፈኛውን፣ የክትባት ካርዱን። ያላሟላ ሰው ውሻው ይወሰድበት፣ ሌላም እንዳያሳድር ይከልከል። ባለቤቱን ትቶ ውሻውን ብቻ የሚቀጣ ሕግ፣ ያው ሰው በሳምንቱ ሌላ ቡችላ አምጥቶ ከዚያው ምሰሶ ጋር እንዲያስር በር ይከፍትለታል።

የእኔዋ ውሻ 10 ቀኗን በደህና ጨረሰች። ባለቤቷ አሁን ለእኔ የሚሆን አንድ ነገር ያደርጋል፤ ቆጣሪ ላነብ የምመጣበትን ሰሞን ያውቃልና ስደውልለት ወደ ውስጥ ያስገባትና በሩን ዘግቶ ቁልፉን እያሳየኝ ይወጣል። ይህን ለማድረግ ሕግ አልጠየቀም፣ ስልክ ብቻ ነው የፈጀበት። ሌሎቻችሁም ቆጣሪ አንባቢ፣ ፖስተኛ ወይም ከታቢ በራችሁን ሲያንኳኳ «አይነክስም» ከማለታችሁ በፊት ውሻውን ያዙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ቆጣሪ አንባቢው አንባቢያችሁ